ለቁርስ የሚሆን የተጋገረ ፍራፍሬ፦ ላዩ ኩርሽም፣ ሥሩ ለስላሳ የሚሆነው እንዴት ነው?

ፈረንጆች ክሪስፕ የሚሉት ምግብ አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የተከተፈ ፍራፍሬ በመጋገሪያ ሳህን ይደረጋል፣ በላዩ ላይ በዘይት ወይም በቅቤ የታሸ አጃ ይነሰነሳል፣ ከዚያ ኦቨን ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ላዩ ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚል፣ ሥሩ ደግሞ በራሱ ጭማቂ የበሰለ ለስላሳ ፍራፍሬ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ላዩ እንደ ገንፎ የረጠበ፣ ሥሩ ሾርባ የመሰለ ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ውሃ ነው። ሽፋኑ ኩርሽም የሚለው ውሃው ተንኖ ሲያልቅለት ነው። ከሥሩ ያለው ፍራፍሬ ደግሞ ከክብደቱ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ሲሞቅ እንፋሎቱን ወደ ላይ ይልካል። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ያረጥበዋል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ፣ የፍራፍሬው ምርጫም ሆነ የሳህኑ ጥልቀት፣ የጠዋቱ ማሞቅም ሳይቀር፣ ይህን ውሃ ስለመቆጣጠር ነው።

ስኳሩ ሲቀነስ ምን ይጎድላል?

የታወቀው አሠራር ለቁርስ የታሰበ አይደለም፤ ከምግብ በኋላ የሚበላ ጣፋጭ ነው። ለ6 ሰው በሚሆን ሳህን 200 ግራም ያህል ስኳርና 115 ግራም ያህል ቅቤ ይገባበታል። ስኳሩ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 33 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ፣ ከቀኑ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንድ ሳህን ብቻውን ከዚያ አለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስኳሩን በግማሽ ቀንሶ ሌላውን እንዳለ ሲተወው ነው። ስኳር በዚህ ምግብ ውስጥ ሥራው ማጣፈጥ ብቻ አይደለም። በሙቀት ይቀልጥና የአጃውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያያይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ከረሜላ ይጠነክራል። ኩርሽም የሚለው ድምፅ ግማሹ ከዚያ ይመጣል። ስኳሩን ያወጣ ሰው ያንን ሥራ ለሌላ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ሽፋኑ እንደ አሸዋ የሚበታተን ደረቅ ዱቄት ይሆናል። እዚህ ሥራውን የሚረከቡት ጥቂት ማር፣ የተፈጨ ጤፍ፣ ለውዝና ሰሊጥ፣ እንዲሁም ጊዜ ወስዶ በደንብ ማድረቅ ናቸው።

ፍራፍሬውን መምረጥ

ሐዋሳ ላይ የፍራፍሬ ችግር የለም። አናናሱ ከአለታ ጩኮ በኩል፣ ማንጎውና ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ አፕሉ ከጨንቻ ደጋ ይመጣል፤ ፓፓያና ዘይቱን (ጓቫ) በየሰፈሩ ይገኛል። ሁሉም ግን ኦቨን ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው ማንጎ ነው። በስሎ ጠንከር ያለውን ምረጡ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ የሚሰጥ፣ ነገር ግን ጣት የማያስገባ። ለጁስ የሚፈለገው እጅ ላይ የሚፈርስ ማንጎ ኦቨን ውስጥም ጁስ ይሆናል። ክር ያለው ዓይነት ከሆነ በክሩ አቅጣጫ ሳይሆን ክሩን አቋርጣችሁ ክተፉት፤ አለበለዚያ ሲበላ በጥርስ መሃል ይገባል። ኩቡ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን።

አናናስ ጣዕሙ ይበልጣል፣ ውሃውም ይበልጣል። መሃል ያለውን ጠንካራ ግንድ አውጡት፤ በ40 ደቂቃ አይለሰልስም። ሥጋው ከማንጎ ስለሚጠነክር ቁራጩ አነስ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ከማንጎው ጋር እኩል ይደርሳል። ከተከተፈ በኋላ ቁንጥጫ ጨው ነስንሳችሁ ማጥለያ ላይ 20 ደቂቃ አቆዩት። ከሥር የሚጠራቀመውን ጭማቂ አትድፉት፤ በትንሽ ድስት አፍልታችሁ ግማሽ ሲደርስ መልሳችሁ አናናሱ ላይ አፍስሱት። ውሃው ተቀነሰ፣ ጣዕሙ ግን እንዳለ ቀረ። ይህችን 20 ደቂቃ የሚዘልል ሰው ነው አብዛኛውን ጊዜ ሾርባ የሚያወጣው።

ፓፓያ ያስቸግራል። የበሰለው 88 በመቶ ያህል ውሃ ነው፣ ጎምዛዛነትም የለውም፣ ሲጋገር ጣዕሙ ይደበዝዛል። ካላችሁ ግን ከቅርፊቱ ግማሹ ብቻ ቢጫ የሆነውን፣ ገና ጠንከር ያለውን ውሰዱ፤ ከጠቅላላው ፍራፍሬ ከሲሶ አይብለጥ፣ የአንድ ሙሉ ሎሚ ጭማቂም ይጨመርበት። ዘይቱን በተቃራኒው የማርመላታን ጠባይ የሚሰጠው ፔክቲን በብዛት ስላለው በራሱ ይወፍራል፤ ችግሩ ፍሬው ነው። ዳር ዳሩን ሥጋ ክተፉ፣ ፍሬ ያለበትን መሃሉን በወንፊት አጥልላችሁ ጨምሩ። አፕል በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቆራርጦ ሽፋኑ ሳይደረግበት ብቻውን 15 ደቂቃ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ካልሆነ ሽፋኑ ሲያር አፕሉ ገና ጥሬ ይሆናል። ሙዝ ብቻውን ይላቁጣል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ አንድ ሙዝ ተከትፎ ከሌላው ጋር ሲገባ ግን ከማር የተሻለ ማጣፈጫ ነው።

አቮካዶ እዚህ ቦታ የለውም። በሙቀት ይመራል።

ቡላ የሐዋሳ ቤት ጥቅም

የፈረንጁ አሠራር የፍራፍሬውን ጭማቂ ለማወፈር ኮርን ፍላወር ይላል። ሲዳማ ምድር ላይ ሆኖ እሱን ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ቡላ ከእንሰት የሚወጣ ስታርች ነው፤ ገንፎውን የሚያወፍረው ያው ጠባዩ ማንጎውንም ያወፍረዋል። የደረቀውን ነጭ የቡላ ዱቄት በወንፊት ንፉት፤ ገበያ ላይ ሲገዛ ጓል ስለሚኖረው፣ ሳይነፋ ከገባ ጓሉ ውጪው ይበስልና ውስጡ ዱቄት ሆኖ አፍ ላይ ይገኛል።

መጠኑ ለ900 ግራም የተዘጋጀ ፍራፍሬ እንዲህ ነው፦ ማንጎ ብቻ ከሆነ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ሲሶው አናናስ ከሆነ 1 ተኩል፣ አናናሱ ከግማሽ ከበለጠ 2። ከዚያ በላይ ሲሆን ጭማቂው እንደ ሙጫ ይሳባል። ዱቄቱን ደረቁን ፍራፍሬው ላይ ነስንሳችሁ በእጅ አገላብጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ስስ ነጭ አቧራ የለበሰ መምሰል አለበት። ውሃ ውስጥ በጥብጦ መጨመር አያስፈልግም፣ የምንሸሸውን ውሃ መልሶ ማስገባት ነው።

ስታርች የሚወፍረው ሙቀት ሲያገኝ ቅንጣቶቹ ጭማቂውን ጠጥተው ሲያብጡ ነው። ለዚህ ፍራፍሬው ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሃሉም መንተክተክ አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ቢንተከተክ ፍራፍሬው ከዚያ ብዙም አይሞቅም፣ ለመለስለስም ጊዜ ይወስዳል። ከውጭ አገር የተገኘ የአሠራር ጽሑፍ 30 ደቂቃ ካለ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጨመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሎሚም እዚሁ ይነሳ። ማንጎ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጣዕሙን ያነቃለታል። አናናስ ካለበት ግን አትጨምሩ፤ አሲድ ሲበዛ የስታርቹን የማወፈር ኃይል ያዳክመዋል።

ሽፋኑ

አጃ ስንል የትኛውን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለአጥሚት የሚሆነው የአጃ ዱቄት ብቻውን ጭቃ ይሆናል። አጃ ቅንጬ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለማይለሰልስ እንደ ጠጠር ይቀራል። የሚፈለገው ተዳምጦ የተጠፈጠፈው፣ በሱፐርማርኬት በቆርቆሮ ወይም በፓኮ ኦትስ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ከእሱም ቅንጣቱ ሰፋ ያለው ይሻላል። ቶሎ የሚበስል ተብሎ የሚሸጠው ስስ ዓይነት ይሠራል፤ ግን ዘይቱን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሱለት፣ ፈጥኖ ስለሚጠጣ። ጣዕምና ስኳር የተጨመረበትን፣ ሙቅ ውሃ ብቻ የሚፈልገውን ተዉት።

ለ6 ሰው የሚሆነው ሽፋን 120 ግራም አጃ፣ 40 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 50 ግራም ጥሬ ለውዝ፣ 20 ግራም ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ሚዛን ለሌለው ሰው፦ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ አንድ ሙሉና ሲሶ ኩባያ አጃ፣ ሩብ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ሲሶ ኩባያ ለውዝ። ኮረሪማ የሚወድ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ በቀረፋው ላይ ይጨምር፤ ከማንጎ ጋር በጣም ይስማማል።

የጤፍ ዱቄት የገባው በስንዴ ዱቄት ፋንታ ነው። ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ በአጃው መሃል ገብቶ ሲደርቅ የራሱ ረቂቅ መኮርሸም አለው፤ ቀይ ጤፍ ከሆነ ደግሞ የተቆላ እህል ሽታ ይሰጣል። ለውዙ ጥሬ ይሁን፤ የተቆላው ከ40 ደቂቃ በኋላ ያራል፣ ይመራል። በሙቀጫ ከርደድ አድርጋችሁ ውቀጡት፣ አትፍጩት። ከመግባቱ በፊት ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ፍሬ ይጣል። በሻገተ ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በቤት ኦቨን ሙቀት ስለማይጠፋ፣ ይጋገር የለ ብሎ ማለፍ አይገባም።

ተልባ ጤናማ ነው ተብሎ ሽፋኑ ውስጥ በብዛት የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ጉዳት ያመጣል። የተፈጨ ተልባ እርጥበት ሲያገኝ ይሙለጨለጫል፣ ከታች የሚወጣውን እንፋሎት ጠጥቶ ሽፋኑን ሙጫ ያደርገዋል። የምትወዱት ከሆነ ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ስትበሉ ከላይ ነስንሱት።

ዘይትና ማሩን አንድ ላይ በትንሹ አሙቁና በደረቁ ላይ አፍስሱ፤ ማር ቀዝቃዛ ሲሆን በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይቀራል። ከዚያ በጣት ጫፍ እሹት። መዳፍ አትጠቀሙ፣ ያሞቀዋል፣ ሊጥ ያደርገዋል። እሽት የሚበቃው ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስ ሲሆን ነው። ከውስጡ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ጓሎች መታየት አለባቸው፤ ጓል የሌለው ሽፋን ፍራፍሬው መሃል ሰርጎ ይሰምጣል። በጣም ደርቆ አቧራ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ውሃ በፍጹም።

በዘይት ፋንታ ቅቤ የሚፈልግ ለጋ ቅቤ ይጠቀም። በኮሰረትና በቅመም የተነጠረው የወጥ ሽታ ይሰጣል። ለጋ ቅቤ ደግሞ በውስጡ ውሃ ስላለው፣ ያለ ቅመም ዝም ብሎ አቅልጦ፣ አረፋውን ገፍፎ፣ ዝቃጩን ትቶ ጥሩውን ብቻ መጠቀም ሽፋኑን ይበልጥ ያኮረሽመዋል። የዚህ 40 ግራም ይበቃል። ለጾም ዘይቱ እንዳለ ይሠራል፤ ሽታው የማይጫን የሱፍ ዘይት ይመረጣል።

መጋገር

ሳህኑ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ፍራፍሬው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተከመረ መሃሉ ሳይወፍር ሽፋኑ ይጠቁራል። የመስታወት፣ የሸክላ ወይም የኢናሜል ሳህን ይሁን። ልባጥ የሌለው አሉሚኒየም ከአናናስና ከሎሚ አሲድ ጋር ሲገናኝ ምግቡ የብረት ጣዕም ይይዛል። የመስታወት ሳህን ከኦቨን ሲወጣ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ይሰነጠቃል። የታጠፈ ደረቅ ፎጣ ወይም ጣውላ ይቅደም።

ፍራፍሬው 900 ግራም ነው፤ ለምሳሌ 600 ግራም ማንጎና 300 ግራም አናናስ፣ ሁለቱም ከተላጡና ከተከተፉ በኋላ የተመዘኑ። ቡላውንና 1 የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ጨምራችሁ አገላብጡት፣ ሳህኑ ላይ ደልድሉት። ሽፋኑን ነስንሱ፤ አትጫኑት። የተጫነ ሽፋን እንፋሎት መውጫ ያጣና ከሥሩ ይረጥባል። ዳር ዳሩን አንድ ጣት ያህል ክፍት ተዉለት፤ እንፋሎቱም በዚያ ይወጣል፣ ጭማቂው መወፈሩም በዚያ ይታያል።

ኦቨኑ ቀድሞ 180 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 165። በቀዝቃዛ ኦቨን ሲገባ ፍራፍሬው ቀስ እያለ ውሃ ይለቅና ሽፋኑ መድረቅ ሳይጀምር ይርሳል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። የቤት ኦቨን ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጥ ያለው እውነተኛ ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ኦቨን ውስጥ የሚሰቀል ትንሽ ቴርሞሜትር መግዛት ብዙ ግምት ያስቀራል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ኦቨን ላይ የላይኛው ማሞቂያ ሽቦ ለሽፋኑ በጣም ይቀርባል፤ ሳህኑን የታችኛው እርከን ላይ አድርጉት። በ25 ደቂቃ ላዩ ከጠቆረ ፎይል ከላይ ጣል አድርጉበት፣ ግን ዳሩን አትጠቅልሉት። መጠቅለል እንፋሎቱን ማፈን ነው።

መድረሱን የሚነግረው ሰዓት ሳይሆን ዳር ላይ ያለው ጭማቂ ነው። በመጀመሪያ የሚወጡት አረፋዎች ትንንሽ፣ ብዙ፣ ፈጣን ናቸው፤ እንደሚፈላ ውሃ። ጊዜው ሲደርስ አረፋው ይቀንሳል፣ ይተልቃል፣ ይዘገያል፤ የወፈረ ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ እንደሚያደርገው አንዱ አብጦ ይፈነዳል፣ ቆይቶ ሌላው ይከተላል። ያ እንቅስቃሴ ዳር ብቻ ሳይሆን መሃል ላይም በሽፋኑ ክፍተት ሲታይ አውጡት። ላዩ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ጭማቂው ገና ፈጣን አረፋ ካለው አልደረሰም፤ ቀለም አያታልላችሁ።

ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይከደን ይረፍ። ይህ የሥራው አካል ነው። ትኩሱ ሽፋን ለስላሳ ነው፣ ማሩ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው፤ ጭማቂውም የመጨረሻውን ውፍረት የሚይዘው ሲበርድ ነው። ዝንብ እንዳይነካው ተብሎ በክዳን ወይም በፎጣ ሲሸፈን እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። የግድ መሸፈን ካለበት የወንፊት ክዳን ወይም ስስ ነጠላ ከፍ ተደርጎ ይወጠርበት።

ኦቨን ከሌለ

ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ኦቨን ያለውም መብራት ሲጠፋ ያው ነው። እንዲያውም ሁለቱን ለየብቻ መሥራት ከላይ የተባለውን የውሃ ጠብ ከሥሩ ይፈታዋል፤ የሽፋኑን መርጠብ ለማስቀረት ከኦቨኑ አሠራር ይልቅ ይህ ይሻላል።

ወፍራም መቀመጫ ያለው መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። አጃውን፣ ለውዙንና ሰሊጡን ያለ ዘይት እያማሰላችሁ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ቁሉ። ሽታው ከጥሬ እህል ወደ ቆሎ ሲለወጥ የጤፍ ዱቄቱን ጨምራችሁ 2 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ የሞቀውን ዘይትና ማር አፍስሱ፣ 3 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ፣ ወዲያው ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉት። መጥበሻው ላይ ከቀረ በራሱ ሙቀት ያራል። ገና ትኩስ እያለ የማይኮረሽም ቢመስል አትመልሱት፤ 15 ደቂቃ ጠብቁና ቅመሱ። ይህን በእንጀራ ምጣድ ላይ ለመሥራት አትሞክሩ። ማሩ ተጣብቆ ያራል፣ ለሚቀጥለው እንጀራም ጣጣ ነው።

ፍራፍሬው በድስት፣ ያለ ውሃ፣ ክዳኑ ገርበብ ተደርጎ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ በራሱ ጭማቂ ይበስላል። ቡላው እዚህ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ነው፤ ድስት ውስጥ ደረቁ ዱቄት ከሥር ተጣብቆ ስለሚያር። 2 ደቂቃ ተንተክትኮ ሲወፍር ይወጣል።

ከሰል የሚወድ ሰው እንደ ድፎ ዳቦ እሳት ከላይም ከታችም አድርጎ መጋገር ይችላል። ከታች ጥቂት ፍም፣ ክዳኑ ላይ ብዙውን። ከታች ከበዛ ፍራፍሬው ያራል። በየ10 ደቂቃው ክዳኑ ይከፈትና ከውስጥ የተጠራቀመው ጠብታ በጨርቅ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ዝናብ ሆኖ ሽፋኑ ላይ ይወርዳል።

ጠዋት ላይ

የሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይዞ የሚቆም ሰው የለም። ማታ የተጋገረው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው በርዶ ፍሪጅ ይገባል፤ ግን እንደ ተደረበ ካደረ ሽፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ ያድራል። በኦቨን 180 ዲግሪ ሳይሸፈን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ሲሞቅ በከፊል ይመለሳል። ማይክሮዌቭ ፍራፍሬውን ያሞቃል፣ ሽፋኑን ግን ይበልጥ ያረጥበዋል።

ስለዚህ ቁርስ አድርጎ በየቀኑ ለሚበላ የሚሻለው ሽፋኑን በብዛት ለብቻው ማዘጋጀት ነው። በኦቨን ከሆነ ትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በ160 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ መሃል ላይ ተገላብጦ። ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመስታወት ዕቃ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ለብ ብሎ ከገባ በራሱ ላብ ይረጥባል። የተጋገረው ወይም የተቀቀለው ፍራፍሬ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቀመጣል። ጠዋት ፍራፍሬውን በትንሽ ድስት 3 ደቂቃ ማሞቅ፣ ሁለት እፍኝ ሽፋን መነስነስ፣ መብላት። በረመዳን ለሱሁርም ይኸው አካሄድ ይመቻል፤ አጃውና ለውዙ ቶሎ ስለማይፈጩ ሆድ ላይ ይቆያሉ።

አንዱ ድርሻ በግምት 340 ካሎሪ፣ 7 ግራም ፕሮቲን፣ 6 ግራም ያህል አሰር አለው፤ የተጨመረው ስኳር ከማሩ የሚመጣው 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ለቁርስ ያንሳል። 150 ግራም እርጎ ከጎኑ ሲቀርብ 5 ግራም ያህል ይጨምርለታል፣ የእርጎው ኮምጣጣነትም የማንጎውን ጣፋጭነት ያስተካክለዋል። ጥሬ አናናስ እርጎ ውስጥ ሲቆይ ያመርረዋል፤ በውስጡ ያለው ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ስለሚቆራርጥ ነው። የተጋገረው ግን ኢንዛይሙ በሙቀት ስለጠፋ እንዲህ አያደርግም። ለጾም በእርጎው ፋንታ አንድ እፍኝ ተጨማሪ ለውዝ ይሁን።

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማሩን ጨርሶ አውጥቶ አንድ የተላቆጠ ሙዝ ሽፋኑ ላይ ቢያደርግ ስኳሩ ቀረ ማለት አይደለም፤ የፍራፍሬው ድርሻ ራሱ መመጠን አለበት፣ ከ100 እስከ 120 ግራም ያህል፣ ከሐኪሙ ምክር ጋር እየተያየ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር ያለበት ሽፋን አይሰጠው፤ ማር የሕፃናት ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ለእሱ ከሥር ያለው የበሰለ ማንጎ ብቻውን፣ አናናሱና ማሩ ሳይገባበት፣ በሹካ ተላቁጦ ይበቃዋል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ለውዙ በደንብ ይድቀቅ፣ ትንታ እንዳያመጣ።

ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ሽፋኑ ትንሽ ትንሽ እርጥበት ይስባል። ከሳምንት በኋላ ኩርሽምታው ከቀነሰ አይጣልም፤ ደረቅ መጥበሻ ላይ 4 ደቂቃ ቁሉት፣ ትሪ ላይ አብርዱት፣ መልሳችሁ ክደኑት።